ቧንቧው ሳይፈነዳ በፊት፦ የቤታችሁን የውሃ መስመር ቀድሞ የማንበቢያ መመሪያ

የካቲት ላይ አዳማ ውስጥ አረንጓዴ ሣር ካያችሁ የሚያጠጣው አለ ማለት ነው። ወደ ቦኩ በኩል አንዲት እናት ቤት የተጠራሁት የኩሽና ቧንቧቸው ውሃ ስለቀነሰባቸው ነበር። ግቢው ከዳር እስከ ዳር አቧራ ነው፤ ከበረንዳው ሥር ግን ሁለት ክንድ በምትሆን ቦታ ላይ ሰርዶ ለምልሞ ተኝቷል። «እማማ፣ ይቺን ማን ያጠጣታል?» አልኳቸው። «እግዜር ነዋ ልጄ፤ ለበጌ እያጨድኩ ስሰጠው ከረምኩ እኮ» አሉኝ።

አንድ ክንድ ሳንቆፍር እጄ ባዶ ቦታ አገኘ፤ እስከ ክርኔ ገባ። የዛገው የብረት ቧንቧ መታጠፊያው ላይ የእስክሪብቶ ጫፍ በምታህል ቀዳዳ ሲያፈስ ከርሞ አፈሩን አጥቦ ወስዶታል። የበረንዳው ሊሾ ከሥሩ ምንም ሳይኖረው ቆሞ ነበር። እማማ ጉድጓዱን ሲያዩ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ፤ የልጅ ልጆቻቸው በየቀኑ የሚዘሉበት በረንዳ ነው።

ከሰርዶው በፊት ሌላም ምልክት ነበር። የውሃ ሂሳባቸው አራት ወር ተከታትሎ ጨምሯል። ሌሊት ቤቱ ጸጥ ሲል «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ይሰማቸው ነበር፤ ነፋስ መስሏቸው ተዉት። የአዳማ ነፋስ ደግሞ ብዙ ነገር ይሸፍናል።

በቧንቧ ሥራ አሥራ ስምንት ዓመት ቆይቻለሁ። ድንገት ፈነዳ ተብዬ ከተጠራሁባቸው ቤቶች በአብዛኛዎቹ ባለቤቶቹን ቁጭ ብዬ ስጠይቃቸው ቧንቧው ወራት ቀድሞ ሲናገር እንደነበር ይደረስበታል። የኛ ከተማ ውሃ በፈረቃ የሚመጣ መሆኑ ለቤት እመቤቷ ፈተና ቢሆንም ምልክት ለማንበብ ግን ይረዳል፤ ቧንቧ በደንብ የሚናገረው ውሃው ሲሄድና ሲመለስ ነውና። ከዚህ በታች ያለውን በቅደም ተከተል ብትከተሉት አንድ ሌሊትና አንድ ቅዳሜ ይበቃችኋል።

መጀመሪያ፦ መዝጊያችሁን እወቁ

ባትሪ፣ እስክሪብቶና ደብተር፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ሜትር፣ አንድ ረጅም ካቻቢቴ አዘጋጁ። ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም።

ከሁሉ በፊት ግን ዋናውን መዝጊያ፣ ብዙዎቻችን ጌት ቫልቭ የምንለውን፣ ፈልጉት። አብዛኛውን ጊዜ ከቆጣሪው አጠገብ ነው። እስከ መጨረሻው ዝጉትና አንድ ቧንቧ ከፍታችሁ ውሃው መቆሙን እዩ። ቤቱ ሮቶ ካለው የሮቶውን መውጫም መዝጋት አለባችሁ፤ አለበለዚያ ከሮቶው የሚወርደው ያታልላችኋል። መዝጊያው ደርቆ አልዞር ካለ ወይም ተዘግቶም ውሃ የሚያሳልፍ ከሆነ የመጀመሪያውን ብልሽት አገኛችሁ ማለት ነው፤ ሌላው ሁሉ ከመጠገኑ በፊት እሱ ይቀየር። በኃይል ለማዞር ግን አትታገሉ። ዓመታት ያልተነካ መዝጊያ አንገቱ ላይ ይሰበራል፤ ያን ጊዜ ውሃውን የምታቆሙበት ነገር አይኖራችሁም። ደህና ከሆነ በየሦስት ወሩ አንዴ ዘግታችሁ ክፈቱት፤ ስትከፍቱትም እስከ ጥጉ ካደረሳችሁት በኋላ ሩብ ዙር ወደኋላ መልሱት፤ እንዳይጣበቅ ይረዳዋል።

በቤቱ ያለ ሰው ሁሉ፣ ልጆችም የቤት ሠራተኛዋም፣ መዝጊያው የት እንዳለ ይወቅ። ቧንቧ የሚፈነዳው እናንተ ሥራ ላይ ሳላችሁ ሊሆን ይችላል።

የሌሊቱ ፈተና

ይህን ፈተና ከሌላው ሁሉ አብልጬ አምነዋለሁ። ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ ለቆጣሪው፣ ሌላው ለሮቶው።

የቆጣሪው የሚሠራው መስመሩ ላይ ውሃ ባለበት ሌሊት ነው። ሮቶው ሞልቶ ከቆመ በኋላ ሁሉም ከተኛ፣ ማንም ቧንቧ እንዳይከፍት ተነጋገሩና ቆጣሪውን በባትሪ እዩት። ጥቁሮቹ ቁጥሮች ሜትር ኩብ ናቸው፣ ቀዮቹ ከሜትር ኩብ በታች ያለውን ያሳያሉ። በብዙ ቆጣሪ ላይ ከእነሱ ሌላ ትንሽ ኮከብ ወይም ሦስት ማዕዘን የምትመስል ጎማ አለች፤ ትንሽ ፍሰት እንኳ ሲኖር ትዞራለች። ቁጥሩን ጻፉት ወይም በስልክ ፎቶ አንሱት፤ ጠዋት ማንም ሳይታጠብ ድጋሚ አንሱት። ቁጥሩ ከተለወጠ ወይም ጎማዋ እየዞረች ከሆነ ውሃው አንድ ቦታ እየሄደ ነው።

የት? አሁን ከቆጣሪው በኋላ ያለውን መዝጊያ ዝጉ። ጎማዋ ከቆመች የሚያፈሰው ከመዝጊያው ወዲህ፣ በግቢው ወይም በቤቱ መስመር ላይ ነው። መዞሯን ከቀጠለች በቆጣሪውና በመዝጊያው መካከል ያለውን አጭር መንገድ ጠርጥሩ። ጎማዋ ቆማ ከነበረ ዋናውን መዝጊያ መልሳችሁ ክፈቱና ክፍል በክፍል ቀጥሉ፤ የሮቶውን መግቢያ፣ የሽንት ቤቱን፣ የማሞቂያውን ትናንሽ መዝጊያዎች አንድ በአንድ ስትዘጉ ጎማዋን የምታቆመው መዝጊያ ወደ ቦታው ትመራችኋለች።

የሮቶው ፈተና ደግሞ ውሃ በሌለበት ሌሊት ይሠራል። ከሮቶ በኋላ ያለ ፍሳሽ ቆጣሪው ላይ ወዲያው አይታይም፤ ቆጣሪው የሚያየው ሮቶው ሲሞላ ብቻ ስለሆነ ጉዳዩ «ውሃ ቶሎ አለቀ» በሚል ያልፋል። ማታ የሮቶውን ክዳን ከፍታችሁ ከአፉ ጠርዝ እስከ ውሃው ያለውን በንጹህ ሜትር ለኩ፣ ጠዋት ድገሙት። የሮቶው ስፋት 1.2 ሜትር ከሆነ አንድ ሴንቲ ሜትር መቀነስ 11 ሊትር ገደማ ነው፤ አምስት ሴንቲ ሜትር ከወረደ ሦስት ጀሪካን የማይሞላ ውሃ ማንም ሳይጠቀምበት ሄዷል።

ትንሽ የምትመስል ጠብታ ንቃችሁ አትለፏት። ከቧንቧው ሥር ባለ 250 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ አስቀምጡ። በአሥር ደቂቃ ከሞላ በቀን 36 ሊትር ነው፤ በወር አንድ ሜትር ኩብ ያልፋል። አንድ ጀሪካን በሰዓት የሚሞላ ፍሳሽ ደግሞ በወር ከ14 ሜትር ኩብ በላይ ነው።

ቆጣሪው ራሱ ካጠራጠራችሁ አምስት ጀሪካን በደንብ ሙሉ፤ ቆጣሪው ላይ 100 ሊትር ገደማ መጨመር አለበት። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ማኅተሙን ሳትነኩ ለውሃ አገልግሎት አመልክቱ።

ውሃው ሲሄድና ሲመለስ

ውሃ ሲሄድ አንድ ቧንቧ ከፍታችሁ መዳፋችሁን አፉ ላይ አድርጉ። መዳፋችሁን ወደ ውስጥ ከሳበው መስመሩ አየር እየጠጣ ነው። ይህ በራሱ ብልሽት አይደለም፤ ውሃው ወደ ታች ሲሸሽ የሚተወው ባዶ ቦታ ነው የሚስበው። ነገር ግን ያ መሳብ ቀዳዳ ባገኘበት ሁሉ ይሠራል። መሬት ውስጥ የሚያፈስ መገጣጠሚያ ካላችሁ በዙሪያው የተኛውን ጭቃ፣ ይባስ ብሎ በአቅራቢያው ካለ የሽንት ቤት መስመር የሚወጣውን እርጥበት፣ ወደ መጠጥ ውሃችሁ ይጎትታል። ለዚህ ነው ሂሳቡ አነስተኛ ነው ብላችሁ የምድር ውስጥ ፍሳሽን እንዳትተዉት የምለምናችሁ። ውሃው ሲመለስ የመጀመሪያው ባልዲ አፈር አፈር ወይም ፍሳሽ ፍሳሽ ከሸተተ ለመጠጥ አትጠቀሙበት፣ ወደ ሮቶም አታስገቡት፤ ቶሎ ብላችሁ መስመሩን አስፈትሹ። የጎማ ቱቦም በእጥበት ውሃ ውስጥ እንደተነከረ አትተዉ፤ ውሃው ሲሄድ ያንን የሳሙና ውሃ መልሶ ይጠጣዋል።

ሲመለስ ደግሞ ጆሯችሁን ስጡት። መጀመሪያ ላይ የአየር ፉጨትና ትፋት ጤነኛ ነው። «ዷ! ዷ!» የሚል ምት ከግድግዳ ውስጥ ከመጣ ግን በአየር የተገፋ ውሃ መታጠፊያዎቹን እየመታ ነው፤ ወይም ቧንቧው ከያዘው ክላምፕ ተላቋል። ይህ ምት ነው ደካማውን መገጣጠሚያ ቀን ቆርጦ የሚያፈነዳው። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ውሃ ሲሄድ ዋናውን መዝጊያ ዝጉ፤ ሲመጣ ዝቅ ያለውን የግቢ ቧንቧ ከፍታችሁ መዝጊያውን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ፣ አየሩ በእሱ ይውጣ። ምቱ ከዚህም በኋላ ካልቀረ ቧንቧው የሚታሰርበትን ቦታ ባለሙያ ይፈልግ።

ሁሉም ነገር ተዘግቶ ሌሊት የማያቋርጥ «ሽሽሽ» ከሰማችሁ ካቻቢቴውን አምጡ። ጫፉን ከግድግዳው ለሚወጣው ብረት፣ ለቧንቧው አንገት አስጠጉ፣ እጀታውን ከጆሯችሁ ሥር ካለው አጥንት ላይ አሳርፉት። ብረት ድምፅ ያሻግራል። ከኩሽና ቧንቧ ወደ መታጠቢያ ቤት፣ ከዚያ ወደ ግቢ እያላችሁ ሂዱ፤ ድምፁ የሚጎላበት ቦታ ለፍሳሹ የቀረበው ነው። በፕላስቲክ ቧንቧ ላይ ድምፁ ቶሎ ስለሚሞት የብረት ማያያዣው ላይ ሞክሩ።

ፓምፕ ያላችሁ ደግሞ ማንም ቧንቧ ሳይከፍት ፓምፑ ለጥቂት ሰከንድ ተነስቶ የሚተኛ ከሆነ አስተውሉ። መስመሩ ግፊት እያጣ ነው፤ ወይ የሚያፈስ ቦታ አለ፣ ወይ ውሃው ወደኋላ እንዳይመለስ የሚይዘው ቫልቭ ተበላሽቷል።

ግፊት ሲቀንስ

ጀሪካኑን ከእያንዳንዱ ቧንቧ ሙሉና ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። ከወር በኋላ ስትደግሙት መልስ ይሰጣችኋል። አንዱ ቧንቧ ብቻ ከዘገየ ጥፋቱ እዚያው ነው፤ አፉ ላይ ያለችውን ወንፊት ፍቱና በአቼቶ ዘፍዝፋችሁ አሳድሯት፤ ነጩ ድንጋይ ይለቃል። ሁሉም እኩል ከዘገዩ ወይ የመንገዱ መስመር ግፊት ቀንሷል፣ ወይ ዋናው መዝጊያ በከፊል ተዘግቷል፣ ወይ ውሃው ሳይደርስ መንገድ ላይ እየቀረ ነው። ጎረቤት ጠይቁ። የእነሱ ደህና ከሆነ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ከቆጣሪያችሁ ወዲህ ነው።

ከሮቶ ለምትጠቀሙ አንድ ነገር ልብ በሉ። ውሃ 10 ሜትር ከፍታ ሲኖረው ነው 1 ባር ገደማ ግፊት የሚሰጠው፤ 3 ሜትር መቆሚያ ላይ ያለ ሮቶ የሚሰጣችሁ 0.3 ባር ብቻ ነው። ስለዚህ የሻወሩ መድከም ሁልጊዜ ብልሽት አይደለም። ትናንት ደህና የነበረው ዛሬ ሲደክም ነው ምልክት የሚሆነው።

ቀለሙ

የከተማው ውሃ ከአዋሽ ወንዝ ተስቦ ተጣርቶ የሚመጣ ነው፤ ክረምት ወንዙ ሲደፈርስ ወይም መስመሩ ተቋርጦ ሲመለስ ውሃው ሊደፈርስ ይችላል። ከቤታችሁ ዝገት የምትለዩት እንዲህ ነው። ጠዋት ማንም ሳይከፍት ከአንድ ቧንቧ በነጭ ጆግ ቅዱ፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ከዚያው ቧንቧ ሌላ ጆግ ቅዱ። የመጀመሪያው ብቻ ቡናማ ከሆነ ሌሊቱን የተኛበት የቤታችሁ የብረት ቧንቧ ነው የቀባው። ሁለቱም እኩል ከደፈረሱ ከመንገድ የመጣ ነው። ቀዝቃዛው ጥሩ ሆኖ ሙቁ ብቻ ከቀላ የማሞቂያው ታንከር ውስጡ እየዛገ ነው። እንደ ወተት ነጣ ብሎ ከታች ወደ ላይ በደቂቃ የሚጠራ ውሃ አየር ነው፤ አትስጉ።

ከጉድጓድ ውሃ የምትጠቀሙ ሰዎች የሻወራችሁ ወንፊት ቶሎ በነጭ ቅርፊት ሊደፈን ይችላል። ቅርፊቱ ካልሲየም ነው። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ብዙ ቦታ ላይ የሚታወቅበት ፍሎራይድ ግን አይታይም፣ አይሸትም፣ በማፍላትም አይወጣም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ልጆች የሚጠጡት የጉድጓድ ውሃ ከሆነ ቧንቧውን ባየሁበት ቤት ሁሉ እንደምናገረው በላቦራቶሪ አስመርምሩት።

ግድግዳ፣ ወለልና ኮርኒስ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። በቀን ብርሃን ግድግዳውን በጎን አብሩት፤ ያበጠ ቀለም ጥላ ይጥላል። ከወለሉ ከፍ ብሎ ነጭ ዱቄት የሚመስል ጨው ካያችሁ በጣታችሁ ጠርጉት፤ በሳምንቱ ከተመለሰ በግድግዳው ውስጥ ውሃ እየተጓዘ ጨውን እያወጣ ነው። ቀለም መቀባት ለሁለት ወር ይደብቀዋል፣ ከዚያ በላይ አይቆይም።

እርጥበቱ ከቧንቧ ይሁን ከክፍሉ አየር ለመለየት አንድ ክንድ የሚሆን ላስቲክ ግድግዳው ላይ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽጉና ሁለት ቀን አቆዩት። ላቡ ከላስቲኩ ጀርባ፣ በግድግዳው በኩል ከሆነ ውሃው ከውስጥ ነው የሚመጣው። ፊት ለፊቱ ላይ ብቻ ከሆነ ክፍሉን አናፍሱ።

የመታጠቢያ ቤቱን ሴራሚክ በሳንቲም እየቆረቆራችሁ ሂዱ። ድምፁ ባዶ የሚልበት ሴራሚክ ከሥሩ ለቋል። አንድ ሁለት ቢሆን የአሠራር ጉድለት ሊሆን ይችላል፤ ከሻወሩ እግር ጀምሮ ወደ በሩ በመስመር የሚሄድ ከሆነ ግን ከሥሩ ውሃ እየሄደ ነው። በባዶ እግራችሁ ስትረግጡት የሞቀ ወለል ካገኛችሁ የሙቅ ውሃው ቧንቧ ሥር ያፈስሳል። በብዙ የአዳማ ሰፈር መሬቱ ከእሳተ ገሞራ አመድና ከአሸዋ የመጣ ልል አፈር ነው፤ ውሃ ቶሎ ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ በር ድንገት መግጠም እምቢ ሲል፣ ከበሩ ማዕዘን በሰያፍ ስንጥቅ ሲወጣ፣ ሊሾው ሲሰምጥ፣ ግንበኛ ከመጥራታችሁ በፊት የሌሊቱን ፈተና አድርጉ።

በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር የአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ ንዝረቱ አዳማም ተሰምቶን ነበር። እንዲህ ያለ ንዝረት ከተሰማ በኋላ የብረት ቧንቧ ወደ ግድግዳ የሚገባበትን ቦታና በክር የተያያዙ መገጣጠሚያዎችን በደረቅ ሶፍት ጠርጋችሁ እዩ። ሶፍት ዓይን የማያየውን ጠብታ ያሳያል።

ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ሰዎች ዋናው ጭቅጭቅ ኮርኒስ ላይ የሚወጣው ቢጫ ቀለበት ነው። ከላይ ወዳለው ጎረቤት በቁጣ ከመውጣታችሁ በፊት የቀለበቱን ዙሪያ በእርሳስ አስምሩና ሰዓቱን ጻፉበት። ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ የሚሰፋ ከሆነ ግፊት ያለው የንጹህ ውሃ ቧንቧ ነው። ሰው ከታጠበ በኋላ ብቻ የሚረጥብና ከሰዓታት በኋላ የሚደርቅ ከሆነ የፍሳሽ መስመሩ ወይም የሻወሩ ወለል ነው። ይህን ይዛችሁ ስትሄዱ ጎረቤታችሁ «እኔ ጋ ምንም የለም» ቢሉ እንኳ አብራችሁ የምትሞክሩት ነገር አላችሁ፦ «እትዬ፣ እባክዎ ነገ ሙሉ ቀን ሻወሩን አይጠቀሙበትና እንየው» ማለት ትችላላችሁ።

ኩሽናና ፍሳሽ

የአዳማ ኩሽና ቧንቧ የሚሞተው በሊጥ፣ በቡና አተላና በጮማ ነው። የቡኮው ዕቃ ሲታጠብ የሚሄደው ሊጥ ሲፎኑ ውስጥ፣ ከሲንኩ ሥር ባለው ጠማማ ቱቦ፣ ይጋገራል፤ የበዓል ጮማ ሙቅ ሆኖ ይወርድና መንገድ ላይ ቀዝቅዞ ይረጋል። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ስልኬ አያርፍም። ዕቃውን ከማጠባችሁ በፊት በወረቀት ጥረጉት፤ አተላውን ለአትክልቱ ስጡት።

ምልክቱን አንብቡ። ሲንኩ ብቻ እየዘገየ ከወረደ ሲፎኑን ፈታችሁ አጽዱ፤ ከሥሩ ባልዲ አድርጉ፣ ስትመልሱት ጎማዋ በቦታዋ መቀመጧን እዩ። ሲንኩ፣ ሻወሩና የወለሉ ማፍሰሻ አንድ ላይ ከዘገዩ ግን የተደፈነው ዋናው መስመር ነው፤ በግቢው ያለውን ፖዜቶ፣ ክዳን ያለውን የፍሳሽ መፈተሻ ጉድጓድ፣ ክፈቱ። ፖዜቶው ሞልቶ ከቆመ መዘጋቱ ከእሱ በኋላ ነው፣ ባዶ ከሆነ በእሱና በቤቱ መካከል። ሽንት ቤቱ ፍላሽ ሲደረግ የሻወሩ ማፍሰሻ «ጉልጉል» ካለ መስመሩ አየር አጥቷል፤ ወይ መተንፈሻው ተደፍኗል፣ ወይ ዋናው መስመር ሊዘጋ ነው። ጉልጉልታው ከመገንፈሉ በፊት ቀናት፣ አንዳንዴ ሳምንታት ይሰጣችኋል።

ለማጽዳት በረኪናና አሲድ በአንድ ቧንቧ አታፍስሱ። ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፣ በተዘጋ ሽንት ቤት ውስጥ ይገድላል። የፈላ ውሃም ወደ ፒ ቪ ሲ ቧንቧ አትድፉ፤ ይለሰልሳል፣ መገጣጠሚያውም ይለቃል። እጅ የሚችለው ሙቅ ውሃ ይበቃል።

ፍሳሽ ፍሳሽ የሚሸት ነገር ግን ምንም ያልዘገየ ቤት ካላችሁ ብዙም የማትጠቀሙበትን የእንግዳ መታጠቢያ እዩ። በሲፎኑ ውስጥ የሚተኛው ውሃ ነው ሽታውን የሚያግደው፤ በኛ ሙቀትና ነፋስ ደግሞ ቶሎ ይተናል። አንድ ጆግ ውሃ ጨምሩበት፣ ከላዩ አንድ ማንኪያ ዘይት አፍስሱ፤ ዘይቱ ትነቱን ያዘገየዋል። ሽታው በማግሥቱ ከተመለሰ ግን የተሰነጠቀ ቧንቧ ፈልጉ።

ሽንት ቤቱ

የቀይ ሥር ጭማቂ በፍላሹ ታንከር ውስጥ ጨምሩና ግማሽ ሰዓት ፍላሽ ሳታደርጉ ጠብቁ። መቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ ከቀላ የታንከሩ ጎማ አልቋል፤ ድምፅ ሳያሰማ ቀንና ሌሊት ያፈስሳል። ጎማውን ራሳችሁ መቀየር ትችላላችሁ። መቀመጫው ሲነካ የሚነቃነቅ ከሆነ ወይም ከእግሩ ዙሪያ እርጥበት ካለ አትቆዩ፤ የሚወጣው ንጹህ ውሃ አይደለም።

የውሃ ማሞቂያው

እዚህ ላይ ውሃና ኤሌክትሪክ ስለሚገናኙ ጥንቃቄው ሌላ ነው። ቧንቧ ስትነኩ ወይም ከሻወሩ በሚወርደው ውሃ ትንሽ እንኳ የመንዘር ስሜት ከተሰማችሁ ወዲያው ከውሃው ውጡ፣ ማሞቂያውን ከማብሪያ ማጥፊያው ብቻ ሳይሆን ከብሬከሩ አጥፉት፣ ኤሌክትሪሺያን ሳያየው ማንም አይታጠብ። «ትንሽ ትነዝራለች እንጂ ደህና ናት» የሚል ቤት ገብቼ አውቃለሁ፤ ብሬከሩን አጥፍቼ፣ ሳይሠራ እንዳይነካ ተማጽኜ ነው የወጣሁት።

ሲሞቅ እንደ ቆሎ የሚንጣጣ ድምፅ ካለው ማሞቂያ ብረቱ በነጭ ድንጋይ ተሸፍኗል፤ ሳይቃጠል በፊት ይጸዳ። ከጎኑ ያለችው የደኅንነት ቫልቭ ሲሞቅ ጥቂት ጠብታ ብትጥል ጤና ነው፤ ሳያቋርጥ ካንጠባጠበች ግፊቱ በዝቷል ወይም ቫልቩ ቆሽሿል። መውጫዋን በምንም ነገር አትድፈኑት። ታንከሩ ፈንድቶ ሰው እንዳይጎዳ የተቀመጠች እሷ ናት። ውሃ በሄደ ቁጥር ደግሞ ማሞቂያውን አጥፉ፤ ባዶውን መሥራት ያቃጥለዋል።

ደጅ ያለው መስመር

ጣሪያ ላይ የተዘረጋ ነጭ ፒ ቪ ሲ የአዳማን ፀሐይ ረጅም ጊዜ አይችልም። በጣታችሁ ስታሹት እንደ ጠመኔ ነጭ ከተወ ደርቋል፤ አንድ የውሃ ምት ይበቃዋል። ተሸፍኖ ወይም ተቀብሮ ይሂድ። ከሮቶው የሞላ ማፍሰሻ ጠዋት ጠዋት የሚወርድ ውሃ ካያችሁ የሮቶው ፍሎተር፣ ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው ተንሳፋፊ፣ መዝጋት ተስኖታል። በበጋ ደግሞ እንደ እማማ ሰርዶ ያለ ለብቻው የለመለመ ቦታ፣ ንብ የሚሰበሰብበት እርጥብ አፈር፣ ሁልጊዜ ርጥብ ሆኖ የሚያድር የቆጣሪ ሳጥን ፈልጉ።

ከሰኔ በፊት

አዳማ በተራሮች የተከበበ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ የክረምት ጎርፍ ከየአቅጣጫው ይወርዳል። ሊሞላ የቀረበ የሽንት ቤት ጉድጓድ በዝናብ ወቅት ወደ ቤት ይመልሳል። በግንቦት የጉድጓዱን ዙሪያ እዩ፤ አፈሩ ከረጠበ፣ ሽታው ማታ ማታ ከበረታ፣ ምድር ቤት ያለው ሽንት ቤት ከሌላው በፊት ከዘገየ የፍሳሽ ማንሻ መኪና ጥሩ። ክዳኑን ከፍቶ ወደ ውስጥ መግባት ግን አይሞከር። ውስጡ ያለው ጋዝ ሰውን በትንፋሾች ውስጥ ይጥላል፤ ሊያወጣው የገባውም አብሮ ይቀራል።

ባለሙያ ስትጠሩ

ከቆጣሪው በፊት ያለው ለውሃ አገልግሎት ይነገራል፣ ከቆጣሪው በኋላ ያለው የእናንተ ነው። ለባለሙያው «ውሃ ያፈሳል» ብቻ አትበሉት። ደብተራችሁን አሳዩት፤ ቆጣሪው በሌሊት ስንት እንደቆጠረ፣ የትኛው መዝጊያ ሲዘጋ እንደቆመ፣ ድምፁ የት እንደጎላ። ይህን ይዞ የሚመጣ ባለቤት ያለበት ቤት ውስጥ አንድ ሴራሚክ አንስቼ የጨረስኩት ሥራ፣ ይህ በሌለበት ቤት ግማሽ ወለል ያስነሳል። ምንም ሳይፈትሽ መዶሻ ያነሳ ሰው ካያችሁ አስቁሙት።

ጥገናው ሲያልቅም ቶሎ አትልሰኑት። ቧንቧው የሚፈተነው ውሃው ሄዶ በአየር ሲመለስ ነው። ግድግዳውን ክፍት አድርጋችሁ አንድ ሙሉ ፈረቃ ይለፍ፤ ውሃው ሲመለስ መገጣጠሚያውን በሶፍት ጥረጉት። ሶፍቱ ደረቅ ሆኖ ከወጣ ሲሚንቶው ይቦካ።